ውሉ የጠፋባት ሥር

ኦካዛኪ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ፣
በመስታወት ቤት ውስጥ አለች አንዲት ቢጫ አበባ፤
ሚያኮግሳ ይሏታል፤ «የመዲና ሣር» ማለት ነው፣
መዲና ግን አታውቅም፤ ኑሮዋ አስፋልት ዳር ነው።

ቶሞዬ ዘሯን ወስዳ በመርዝ ውሃ ዘፍዝፋ፣
ከፊደሎቿ መሐል አንዲቷ እንድትጠፋ፣
የትኛዋ እንደሆነች ሳታውቅ፣ በጭፍን ተስፋ፣
ዘራች፤ ካፈሩት ለቅማ እንደገና ዘራች፣
ለስምንት ሺህ ቡቃያ በአሸዋ ፈንገስ አቀረበች።

በሦስተኛው ሳምንት ነቅላ ከቧንቧ ሥር
ታጥባለች፣ ሥር በሥር።
ቀቅላ፣ በኮምጣጤና በብዕር ቀለም ትነክራለች፤
(ጥቁሩ ይሻላል፣ ሰማያዊው ይለቃል፤ ሞክራለች።)
ፈንገስ የገባበት ሥር ቀለሙን ይጠጣል፣
በየሕዋሱ ውስጥ ዛፍ መሳይ ነገር ይወጣል፣
ቅርንጫፉ ከጸጉር የቀጠነ፣
ሌሊት የማይዘጋ ገበያ የሆነ፤
ወዲህ ፎስፈረስ ሲገባ፣ ወዲያ ስብና ስኳር፣
ሚዛን የለ፣ ደላላ የለ፣
አራት መቶ ሚሊዮን ዓመት እንዲሁ ሲኖር።

ሰባት መቶ አሥራ ዘጠኝ ነጭ ሆና ወጣች።
ደግማ ነከረቻት።
ነጭ ሆና ወጣች።
ክሩ ከደጇ ደርሶ፣ ቆዳዋ ላይ ተጋድሞ፣
እንደ እንግዳ ቆሞ፣
የሚከፍትለት አጥቶ፣ በመጣበትም ሳይመለስ፣
እዚያው በሩ ላይ ደርቋል።

ከሩቅ የላከው መልእክት ደርሷታል፤
የሕዋሷ አስኳል በካልሲየም ከበሮ ይመታል፣
በየደቂቃ ተኩሉ፣ ድም... ድም... ድም...
ቶሞዬ በማይክሮስኮፕ አይታዋለች፤ ስህተት የለውም።
ከበሮው አለ፤ አድማጩ የለም።
ምቱን ቆጥሮ «ክፈቱ!» ሊል የሚገባው ዘረመል
አንዲት ፊደል ተዛብታበት ደንቁሮ ቀርቷል።
ልቃቂቱ ሙሉ ነው፣ ክሩም አልተበጠሰ፤
ውሉ ነው የጠፋው፣ ጣት ነው ያልደረሰ።

አባቷ ቶኩጂ ማኅተም ቀራጭ ነበር፤
ለቤት ሽያጭ፣ ለጋብቻ፣ ለብድር፣
በጎሽ ቀንድ ላይ ስም ገልብጦ የሚጽፍ፣
በዚያ ሰፈር ውል ያለ እሱ እጅ የማያልፍ።
አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ጣት በስክሪን ያስነካል፤
ሱቁ ተዘግቶ፣ እሱ ላይኛው ፎቅ ይውላል።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሩዝና ዓሣ ይዛ ትሄዳለች፣
ደወሉን ትደውላለች።
ይሰማል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲቀንስ ያስታውቃል።
አይከፍትም።

«ጥቅል ጎመንም ይኖራል» አለ አለቃቸው በስብሰባ፣
«ውሉን ከነመዝገቡ ከጥንት ቀዶ የጣለ፣
ይኸው በየገበያው ተቆልሎ አለ።»
እውነት ነው። እሷም ማዳበሪያ ካፈሰሱላት
ከእኅቶቿ እኩል ነች፣ ምንም አይጎድላት።
በደኸየ አሸዋ ላይ ግን ቅጠሏ ወይን ጠጅ ይመስላል፣
ስኳሯ በጓዳዋ ሞልቶ እሷ ትራባለች፤
ፎስፈረሱ አንድ ስንዝር ርቆ ተቀምጧል።

ዝናቡ በበረታበት ሰኔ አባቷ ከፈተ።
ሌላ ምክንያት የለውም፤ አምፖል ተቃጥሎበት ነው።
ወንበር ላይ ወጥታ ስትቀይር፣ ከታች ሆኖ ጠየቀ፦
«ሥራሽ ምንድን ነው፣ በእውነቱ?»
ስለ አንዲቷ ፊደል ነገረችው።
ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ።
«አንድ ጭረት ከሳትሽ ማኅተሙ የሌላ ሰው ነው፤
ቀንድ ደግሞ አይታረምም።»
«እኛ እናርማለን» አለች፣ አምፖሉን እያጠበቀች።

በጥቅምት ጤነኛውን ዘረመል ቀድታ መለሰችላት።
ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ውስጥ ነከረቻት፤
ጥቁር ዛፍ፣ ጥቁር ዛፍ፣ በየሕዋሱ ጥቁር ዛፍ።
ለማንም ሳትናገር ብዙ ቆየች፣
አንገቷ እስኪያማት አየች።

በፖስታ አንዲት ቁራጭ ቀንድ መጣላት፤ ስም የለባትም፤
ተገልብጣ የተቀረጸች አንዲት ቃል፦ «ሥር»።
በዚያው በብዕር ቀለም ማስታወሻዋ ላይ አተመች።
ትንሽ ዘመመ።

ቅዳሜ ደወለች።
የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀነሰ።
ጠበቀች።